ከመቶ በላይ ሰው መካከል አንድ ሻለቃ ብቻውን እንዴት ቀረ? የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም አነሣሥና አገዛዝ

ነጋሪት (ክሩን የከፈቱ)

ስለ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በተነሣ ቁጥር ውይይቱ ሁለት መንገድ ይዞ ይሄዳል። አንደኛው ወገን «አውሬ ነበር» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል፤ ሌላኛው ደግሞ «አገሩን የሚወድ ሰው ነበር፣ ያስገደደው ጊዜው ነው» ይላል። ሁለቱም አባባሎች ለብዙ ዓመታት ስጠይቀው የኖርሁትን ነገር አይነኩትም። ጨካኝ ሰው በየዘመኑ ይወለዳል፤ አገር ሙሉ የሚታዘዝለት ግን ጥቂቱ ብቻ ነው።

በሰኔ 1966 ዓ.ም. የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስ ሠራዊትና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ኮሚቴ (ደርግ የተባለው) በአራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ሲቋቋም ከየክፍሉ የተላኩት አባላት ከ100 በላይ ነበሩ። ከመካከላቸው ከሻለቃ በላይ ማዕረግ ያለው አልነበረም። መንግሥቱ ከሐረር፣ ከሦስተኛው ክፍለ ጦር የመጣ የመሣሪያ ግምጃ ቤት መኮንን ነበር፤ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጣና ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ አሜሪካ ተልኮ የተመለሰ ሰው ቢሆንም ከክፍለ ጦሩ ውጭ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ደርጉም የአባላቱን ስም ለወራት ከሕዝብ ሰውሮ ነበርና፣ ይህ መሰወር ራሱ ለመንግሥቱ ትልቅ ጥቅም እንደ ሆነለት አምናለሁ። ከፊት የሚታዩት ሰዎች ሲመቱ እርሱ ከኋላ ነበር።

ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። ደርጉን የሚያውቀው አገር፣ የሚያከብረው ሠራዊትም አልነበረምና በሠራዊቱ ዘንድ ስመ ጥር የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በሊቀመንበርነት ተቀመጡ። ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ቆይተው፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ጄኔራሉ በቤታቸው ተከብበው ተገደሉ፤ በዚያው ሌሊት ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኮንን የሚገኙባቸው ከ50 በላይ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ቤት ተረሸኑ። ውሳኔው የተወሰነው በደርጉ ጉባኤ፣ በድምፅ ነው። ለእኔ የአገዛዙ መሠረት የተጣለው በዚያች ሌሊት ነው፤ ምክንያቱም እጁን ያወጣ ሁሉ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መመለሻ አልነበረውም። «ያለ ምንም ደም» ሲል የከረመው ደርግ በደም ተማማለ፤ ከተማማሉት መካከል ሊመሰክር፣ ሊጸጸት ወይም ሊተው የሚፈልግ ሁሉ ለሌሎቹ አደገኛ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሄደው በዚያው ስልት ነው። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. የደርጉ የፖለቲካ ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ሻለቃ ሲሳይ ሀብቴ ተረሸነ። በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. እነ ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌና ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤል የደርጉን አደረጃጀት ለውጠው የመንግሥቱን ሥልጣን ሊገድቡ ሞከሩ፤ ጊዜያቸው ግን ከአንድ ወር ብዙም አላለፈም። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ሊቀመንበሩ ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ፣ ዓለማየሁ፣ ሞገስ፣ ሌተና ኮሎኔል አሥራት ደስታና ሌሎችም በቤተ መንግሥቱ ስብሰባ ላይ ሳሉ ተለቅመው እዚያው ግቢ ውስጥ ተገደሉ። ለምሳ ያሰቡንን ቀድመን ለቁርስ አደረግናቸው የሚለው አነጋገር በሕዝቡ አፍ የቀረው ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ነው። በኅዳር 1970 ዓ.ም. የመጨረሻው ተፎካካሪ ምክትሉ ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተገደለና ከላይ ሌላ ሰው ቀረ ለማለት የማይቻልበት ደረጃ ተደረሰ።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ማርክሲዝም የገባው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ነበር፤ ከዚያ በታኅሣሥ 1967 «ኅብረተሰብአዊነት» መጣ፤ የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም የታወጀው በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ነው። መንግሥቱ ወደ ሥልጣን የወጣው ኮሚኒስት ስለ ነበረ አይደለም። ሥልጣን ላይ ሲወጣ ግን ኮሚኒስትነት የጠላት ስም ዝርዝር ሰጠው፦ ፊውዳል፣ ቢሮክራት ካፒታሊስት፣ አድኃሪ፣ አናርኪስት፣ ቀኝ መንገደኛ፣ ግራ መንገደኛ። ማንንም ሰው ከነዚህ በአንዱ ማስገባት ይቻል ነበር። ይህን መዝገበ ቃላት የሰጡት ደግሞ ወታደሮቹ ሳይሆኑ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የተመለሱት የተማሩ ሰዎች ናቸው። በዚህ ላይ አስተያየታችሁን እፈልጋለሁ።

የኮልፌ ልጅ

ነጋሪት፣ ከላይ ያለውን በደንብ አስቀምጠውታል፤ ይሁን እንጂ ቤተ መንግሥት ውስጥ የተደረገው መገዳደል ብቻውን 17 ዓመት አያስገዛም። ቀበሌን ሳንነካ ይህን አገዛዝ መረዳት አንችልም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ ሲወጣ ለብዙ ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችን ማስተዳደር ለቀበሌ ተሰጠ፤ የቤት ኪራይም ተቀነሰ። እንግዲህ ቀበሌ ሲወለድ የቤት ኪራይ ሰብሳቢ ነበር። በ1969 መጀመሪያ በወጣው አዋጅ ግን የራሱ ጥበቃ፣ የራሱ ፍርድ ሸንጎ ኖረው፤ ብዙ ሳይቆይም መሣሪያ ታደለው። ያ የሰፈር ጽሕፈት ቤት መታወቂያ ይሰጣል፣ ስኳርና ዘይት ያድላል፣ ሰው ሲሞት ያውቃል፣ እንግዳ ሲያድር ያውቃል፣ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ይለፍ ወረቀት ይጽፋል፣ ያስራልም። በፊት አንድ ገዥ በአምስት መሥሪያ ቤት ይሠራው የነበረውን ሁሉ አንድ የሰፈር ሊቀመንበር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠራው ጀመር። መንግሥቱ በየሰፈሩ አልነበረም፤ ቀበሌ ግን በየሰፈሩ ነበር።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የመጀመሪያው ትልቅ አሰሳ ሲደረግ እኔ ልጅ ነበርሁ። ሰዓት እላፊው ታወጀና ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ ተባለ። እናቴ የታላቅ ወንድሜን መጻሕፍት በምድጃ እያነደደች፣ ጭሱ በዝቶ ጎረቤት እንዳይጠረጥር እንጀራ ታስጋግር ነበር፤ ምጣዱ ላይ ሊጥ እየፈሰሰ፣ ከሥሩ ወረቀት ይነድዳል። ፈታሾቹ የመጡት በማግሥቱ ነው። የሚፈልጉት መሣሪያ፣ የጽሕፈት መኪናና የወረቀት ማባዣ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ፈታሽ ምድጃው ውስጥ እጁን ከትቶ አመዱን በጣቶቹ አሽቶ ሲያሸት አይቻለሁ። እኒያ ሰዎች ከሩቅ የመጡ አይደሉም። አንዱ በሁለተኛው አጥር የሚኖር፣ በበዓል ቀን ቤታችን ጠላ የሚጠጣ ሰው ነበር። የሰፈሩን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ፣ እነርሱም አልበደሉኝም።

ስለዚህ «እንዴት ብቻውን ቀረ» ለሚለው ጥያቄ መልሴ ብቻውን አልቀረም የሚል ነው። በብዙ ሺህ እጆች ነበር የሚሠራው።

ጥቁር አፈር

በአክብሮት ልቃወም። እዚህ መድረክ ላይ የሚጽፉት አብዛኞቹ የከተማ ልጆች ስለ ሆኑ አብዮቱ ከቀይ ሽብር ጀምሮ በቀይ ሽብር የሚያልቅ ይመስላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ አባቴ በደቡብ ጭሰኛ ነበር። ከምርቱ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር፤ በዚያ ላይ ማር፣ ማገዶ፣ ጉልበት። አዋጁ በራዲዮ ሲነበብ የሰማ ሽማግሌ ሁሉ ማመን አቅቶት ነበር። «መሬት ላራሹ» ብለው ተማሪዎች በ1957 ሰልፍ ሲወጡ የጠየቁትን ደርጉ ነው የፈጸመው። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ገብተው ገበሬውን አደራጁ፤ መሠረተ ትምህርትም እናቴን በዕድሜዋ ማብቂያ ፊደል አስቆጠራት።

ይህን የምጽፈው ግድያውን ለማቃለል አይደለም። ነገር ግን ገበሬው ለብዙ ዓመታት ዝም ያለው ስለ ፈራ ብቻ እንደ ሆነ አድርጎ መጻፍ ትክክል አይደለም። በደቡብ ቢያንስ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ደርግ ማለት ጭሰኝነትን ያስቀረ መንግሥት ነበር። ሰሜኑ ርስት ያለው ስለ ነበር ነገሩን በሌላ ዐይን አየው።

የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ እየጣለ በራሱ ዋጋ ይገዛን ጀመር፤ ኮታውን ያላሟላ ገበሬ ከገበያ ገዝቶ ያስረክብ ነበር፣ ያውም ከሚሸጥበት ዋጋ በላይ ከፍሎ። እህል ይዞ ከአውራጃ ወደ አውራጃ የሚሻገር ነጋዴ በኬላ ላይ ይያዛል። ቀጥሎ መንደር ምሥረታ መጣና ቤታችንን አፍርሰን፣ ማሳችንን ርቀን በመስመር ሥሩ ተባልን። መሬቱን ከባለርስቱ ነጥቆ የሰጠን መንግሥት ራሱ ትልቁ ባለርስት ሆነ።

ዘገሊላ

ለነጋሪት የመጨረሻ ነጥብ መልስ አለኝ። መዝገበ ቃላቱን የሰጡት የተማሩት ናቸው ማለትዎ እውነት ቢሆንም በአንድነት መጨፍለቅ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ) «ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ» እያለ ደርጉን ሲቃወም፣ መኢሶን (የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) «ሂሳዊ ድጋፍ» ብሎ በሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት በኩል ከደርጉ ጋር ይሠራ ነበር። ቀበሌዎቹን ያስታጠቀውና ካድሬዎቹን ያስተማረው ያ ጽሕፈት ቤት ነው። የጽሕፈት ቤቱ ዋና ሰው ኃይሌ ፊዳ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ድርጅቱ ኅቡእ ሲገባ ተያዘ፤ በኋላም ያለ ፍርድ ተገደለ። ያሠለጠኑት ካድሬ ነው የያዛቸው።

ኢሕአፓም ቢሆን ንጹሕ ነው አልልም። በመስከረም 1969 ዓ.ም. በመንግሥቱ ላይ የግድያ ሙከራ አደረገ፤ ጥይቱ አቆሰለው እንጂ አልገደለውም። በዚያው ሰሞን የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ በጥይት ተገደለ፤ የቀበሌ ሹሞችም በየመንገዱ ይገደሉ ነበር። ነገር ግን አንድ ኅቡእ ድርጅት የሚገድለው ሌላ፣ መንግሥት ሬድዮና ወህኒ ቤት ይዞ የሚገድለው ሌላ ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች መሬት ላይ እየከሰከሰ የጠላትን ደም እንዲህ እናፈስሳለን ካለ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ ለሰላማዊ ሰልፍ የተዘጋጁ ተማሪዎች በአንድ ሌሊት በመቶዎች ተፈጁ። ከእነርሱ ውስጥ ብዙዎቹ ገና 15 ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። «ነጻ እርምጃ» የሚለው ትእዛዝ ቀበሌ ያለ ጠያቂ እንዲገድል የተሰጠ ፈቃድ ነበር። ሬሳ በየመንገዱ ዳር «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ይውላል፤ ወላጅ የልጁን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ይጠየቃል፤ ማልቀስ ይከለከላል።

ለቅሶ መከልከል ምን ማለት እንደ ሆነ አበሻ ላልሆነ ሰው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ድንኳን ሳይጣል፣ እድር ሳይመጣ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ እናት ነጠላዋን ዘቅዝቃ መልበስ እንኳ ፈርታ ሬሳ ሲቀበር ማለት ነው። ብዙው ቤተሰብ ያን ለቅሶ የተቀመጠው ከ1983 በኋላ ነው።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ

እኔ በሠራዊቱ ውስጥ 13 ዓመት ያገለገልሁ ሰው ነኝና ከወታደሩ በኩል ያለውን ልጨምር። ሁላችሁም የዘለላችሁት ትልቁ ነገር ሶማሊያ ነው።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ወርሮ ሲገባ አገሪቱ በአንድ ጊዜ በኤርትራም፣ በምሥራቅም፣ በከተማም ጦርነት ላይ ነበረች። አሜሪካ መሣሪያ መስጠት አቁማ ነበር። ጂጂጋ ተያዘች፤ ሐረርና ድሬዳዋ ሊያዙ ደርሰው ነበር። በዚያ ጊዜ ኮሎኔል መንግሥቱ ሕዝቡን «ተነሣ» ሲሉ በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሺያ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ነበር፤ ከገበሬ ማኅበር የመጣ፣ ጫማ እንኳ ያልነበረው ሰው። ሶቪየት ኅብረት ሶማሊያን ትታ ወደ እኛ ዞረች፤ ታንኩና መድፉ በአየር መጣ፤ ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች ከጎናችን ተሰለፉ። በየካቲት 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ጠላት ተሰብሮ ጂጂጋ ስትለቀቅ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልክድም። በዚያው ወር አዲስ አበባ ውስጥ ወጣት ይረሸን እንደ ነበር የሰማሁት ግን ቆይቼ ነው።

መንግሥቱን ያጸናቸው ይህ ድል ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ከደርግ አባላት አንዱ ነበሩ፤ ከካራማራ በኋላ የአገሪቱ አዳኝ ተባሉ። ተቃዋሚ የሆነ ሁሉ ደግሞ የሶማሊያ ተባባሪ ተባለ።

ነገር ግን ያው ሰው ሠራዊቱን አፈረሱት። በየክፍሉ አዛዡ አንድ፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩ ሁለት፣ የደኅንነት መኮንኑ ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ ሦስቱም ለየብቻቸው ወደ አዲስ አበባ ሪፖርት ያደርጋሉ። አዛዡ ጦሩን ለማንቀሳቀስ የሌሎቹን ዐይን ማየት ነበረበት። ኮሚሳሩ ውጊያ የማያውቅ ካድሬ ሆኖ ሳለ ውጊያ የኖረበትን ጄኔራል ይገስጻል። በየካቲት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ የተሰለፈው የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ትእዛዝ ተረሸኑ። እኒህ ሰው ወታደሩ የሚወዳቸው፣ ከፊት የሚገኙ አዋጊ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ፣ በመጋቢት፣ የኤርትራው ተዋጊ ድርጅት ሻዕቢያ አፍዓበት ላይ ናደውን ደመሰሰው። በዚያ የነበረ ወታደር ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ ያ ዕዝ የተሸነፈው ታሪኩ የተረሸኑ ዕለት ነው።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲበሩ ጄኔራሎቹ ተነሡባቸው፤ ከሸፈ። ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ ራሳቸውን ገደሉ፤ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አሥመራ ላይ ተገደሉ። በግንቦት 1982 ዓ.ም. ደግሞ የታሰሩት 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ጦርነት እየጠፋብን፣ ምጽዋ ከእጃችን ወጥታ፣ ለመዋጋት የተማሩትን ሰዎች ገደልን። ከዚያ በኋላ ግንባሩን የሞላው በአፈሳ የተያዘ የ16ና የ17 ዓመት ልጅ ነው፤ ጠመንጃ መፍታትና መግጠም ሳያውቅ የመጣ።

ነጋሪት

ሃምሳ አለቃ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የሰጡን ነገር ከብዙ መጽሐፍ የሚበልጥ ነው። የታሪኩ ዓይኔ ነገርና የኅዳር 14ቱ ሌሊት አንድ መልክ አላቸው። አማን አንዶም የተገደሉት ሠራዊቱ ስለሚወዳቸው ነው፤ ከ13 ዓመት በኋላ ታሪኩም በዚያው ምክንያት። መንግሥቱ ከሁሉ በላይ የሚፈራው በራሱ ስም የሚወደድ ሰው ነበር። ፓትርያርኩም አቡነ ቴዎፍሎስ፣ የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት በእኔ እምነት ከዚህ የተለየ ወንጀል አልነበራቸውም፤ ሕዝብ የሚሰማቸው ሰዎች ነበሩ።

ጥቁር አፈር፣ የመሬት አዋጁን በተመለከተ እስማማለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ አዋጁ ሲወጣ መንግሥቱ ብቻውን አልገዛም ነበር። ሐሳቡ ከተማሪዎች፣ ረቂቁ ከባለሙያዎች፣ ውሳኔው ከመላው ደርግ ነው። እርሱ ብቻውን በገዛበት ዘመን የወጡትን ስናይ ኮታው፣ መንደር ምሥረታው፣ አፈሳው ናቸው።

ማለዳ

የ1977ን ረሃብ ማንም ያላነሣው ስለምንድን ነው? መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርጉ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም በንጉሠ ነገሥቱ ግብዣ ምስል እየቆራረጠ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ጠዋት ንጉሡ ወረዱ። እንግዲህ ይህ መንግሥት የተወለደው «ሕዝብ ሲራብ ደብቀዋል» በሚል ክስ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ያው ወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ጋር፣ ከዚያ በከፋ ረሃብ ተመታ።

በዚያ ክረምት አዲስ አበባ ምን ትመስል እንደ ነበር ያየ ሰው አይረሳውም። አጥሩ ሁሉ ቀለም ይቀባል፤ ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች ሰልፉንና ጌጡን ያሰናዳሉ፤ የትግላችን ሐውልት ይጠናቀቃል፤ በየአደባባዩ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ሥዕል ይሰቀላል። በጳጉሜን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ተመሠረተ፣ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. 10ኛው የአብዮት በዓል ተከበረ። እስከዚያ ድረስ ረሃብ የሚለው ቃል በሬድዮ አይነገርም ነበር፤ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ኃላፊዎች ከወራት በፊት ጀምሮ ቢያስጠነቅቁም በዓሉ ይቅደም ተባለ። ዓለም የኮረምን መጠለያ ያየው በጥቅምት፣ የቢቢሲ ዘጋቢዎች በደረሱ ጊዜ ነው። በመቶ ሺዎች ሰው አለቀ።

ከዚያ በኋላም መፍትሔ ተብሎ የመጣው ሰፈራ ነበር፤ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋና ኢሉባቦር ተጫነ። በፈቃዱ የሄደም አለ፤ ነገር ግን እህል ሊቀበል ከመጣበት ሰልፍ ተይዞ፣ ሚስቱ በአንድ መኪና እርሱ በሌላ የተጫነም አለ። ደጋ ተወልዶ ወባ የማያውቅ ሰው ቆላ ወርዶ ሲያልቅ የቆጠረው የለም። ያን ውሳኔ የሚመረምር ምክር ቤትም፣ ጋዜጣም፣ ፍርድ ቤትም አልነበረም። ለእኔ የአንድ ሰው አገዛዝ ከሁሉ የከፋው ፍሬ ይህ ነው፤ ጠብመንጃ እንኳ ሳይተኮስ ይገድላል።

ምንትዋብ ዘጎንደር

ክሩ ከአዲስ አበባ ብዙ አልወጣም። ጎንደር ላይ ሻለቃ መላኩ ተፈራ የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ በነበረበት ጊዜ የእናቶች ልመና ምን እንደ ነበር ጎንደሬ ሁሉ ያውቀዋል፦

«መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም፣
የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም።»

ይህን ግጥም ሰው ዛሬ በቀላሉ ይጠቅሰዋል፤ ስትናገረው የነበረች እናት ግን ልጇ ታስሮ በር ላይ የቆመች ናት። መንግሥቱ አዲስ አበባ ሲቀመጥ በየክፍለ ሀገሩ ትንንሽ መንግሥቱዎች ነበሩት። የኮልፌ ልጅ ስለ ቀበሌ የጻፈው እውነት ነው፤ በቀበሌና በቤተ መንግሥት መካከል ያለውን ይህን የክፍለ ሀገር ሰው ግን አትርሱብን። የትግራይዋ ሐውዜንም እንዲሁ፤ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በገበያ ቀን አውሮፕላን የደበደበው የገበያ ሕዝብ ነው።

ባለ ችሎት

ስለ ተጠያቂነት የተጠየቀ ነገር የለምና በሙያዬ በኩል ላክል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው በ1984 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ የዋናዎቹ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በጥፋተኝነት ተደመደመ። 12 ዓመት። ጥር 3 ቀን 1999 የዕድሜ ልክ እሥራት ተወሰነ፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት መንግሥቱን ጨምሮ በብዙዎቹ ላይ የሞት ቅጣት በየነ። በ2003 ዓ.ም. በእሥር ላይ የነበሩት ሞት ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸው።

በሕግ በኩል ትኩረት የሚገባው ነገር ክሱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋት ስምምነት የፖለቲካ ቡድንን አይጠብቅም፤ የእኛ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ግን የፖለቲካ ቡድንን ይጠብቅ ነበር። ኢሕአፓን፣ መኢሶንንና ሌሎችን ለማጥፋት የተደረገው ግድያ በዚህ አንቀጽ ተከሰሰ። ሁሉም በዚህ አልተስማማም፤ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በልዩነት ወጥቷል። እኔ የብዙኃኑን ፍርድ እደግፋለሁ፤ ሕጉ በንጉሡ ዘመን የወጣ፣ ግድያው ሲፈጸም በሥራ ላይ የነበረ ነው።

ማስረጃው ከምስክር ይልቅ ወረቀት መሆኑ ብዙ ሰው አያውቅም። ይህ አገዛዝ ሲገድል ይጽፍ ነበር። ሰው እንዲገደል የተጻፈ ደብዳቤ፣ በግርጌው ፊርማና ማኅተም፣ መዝገብ ቁጥር፣ «እርምጃ ተወስዷል» የሚል ሪፖርት፤ እነዚህ ሁሉ በመዝገብ ቤት ተቀምጠው ተገኙ። ከአርጀንቲና የመጡ የአጥንት መርማሪዎች ኮተቤ ላይ በቆፈሩት መቃብር ውስጥ የናይለን ገመድ በአንገታቸው ላይ ያለ አፅሞችን አገኙ፤ ወረቀቱ የሚለውና መሬቱ ያወጣው ተገናኘ።

በውጭ አገርም ጉዳዩ ተከትሏቸዋል። አትላንታ ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት በምትሠራበት ሆቴል የቀድሞው የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 (ከቀበሌ በላይ የነበረ የከተማ አስተዳደር) ሊቀመንበር ቀልቤሳ ነገዎ ተቀጥሮ አገኘችው፤ ያሠቃያት ሰው ነበር። ሦስት ሴቶች ከሰሱት፤ በ1985 ዓ.ም. የአሜሪካ ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር እንዲከፈል ወሰነ፤ በኋላም ሰውየው ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በሄግ የሚገኘው የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት ጎጃም ውስጥ በእሥረኞች ላይ ለተፈጸመው ግድያና ሥቃይ እሸቱ ዓለሙን በዕድሜ ልክ ቀጣ። ዋናው ሰው ግን ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. በናይሮቢ በኩል ሐራሬ ገብቷል፤ ሙጋቤ ከወረዱ በኋላም ዚምባብዌ አሳልፋ አልሰጠችውም።

ነጋሪት

ባለ ችሎት፣ ስለ ወረቀቱ የጻፉት የክሩን ጥያቄ በሚገባ ይመልሰዋል። በኅዳር 14 እጅ በማውጣት የተጀመረው፣ በቀበሌ ማኅተም የቀጠለ ነው፤ ሁሉም እንዲፈርም ተደረገ። ከ5 ሺህ በላይ ሰው የተከሰሰውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በየቤታችሁ የወላጆቻችሁ ሳጥን ውስጥ የዚያ ዘመን ወረቀት ይኖራል፤ የቀበሌ መጥሪያ፣ የእሥር ቤት የስንቅ ማቀበያ ወረቀት፣ የራሽን ካርድ፣ ከዝዋይ ወይም ከከርቸሌ የተላከች ብጣሽ ደብዳቤ። አትጣሉት። በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ የሰፈሩንና የዓመቱን ስም ከጀርባው ጻፉበት፣ ከተቻለም መስቀል አደባባይ ላለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ቅጂውን ስጡ። ምንትዋብ ስለ ጎንደር፣ ሌሎቻችሁም ስለ ወሎ፣ ስለ ሐረርጌና ስለ ሲዳሞ ያላችሁን እዚሁ ብትጽፉ ክሩ ክፍት ነው።